ለዓሣው ተፈረመ፤ ለሙዚቀኛው ግን ቃል ብቻ

(በጽሑፉ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 19 ቀን 2025 የብሪታኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመርና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላይን ለንደን፣ ላንካስተር ሀውስ ውስጥ ተገናኙ። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ባለ ጉባኤ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከጉባኤው ብዙ ነገር ወጣ። የነገሩን መልክ ለመረዳት ግን ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

አንደኛው ዓሣ ነው። የአውሮፓ ጀልባዎች በብሪታኒያ ውኃ ውስጥ እስከ 2038 ድረስ እንዲያጠምዱ ተስማሙ። ዓመቱ ተቆጥሮ፣ ቀኑ ተቆርጦ።

ሁለተኛው ሙዚቀኛ ነው። ከአገር አገር እየዞሩ የሚሠሩ አርቲስቶች ጠቃሚ መሆናቸውን ሁለቱም ወገኖች እንደሚገነዘቡ፣ እነርሱን ለመደገፍም ጥረታቸውን እንደሚቀጥሉ በሰነዱ ላይ ሰፈረ። በቃ። ቀን የለውም፤ ቁጥር የለውም፤ ይህን ይፈጽም ተብሎ የተሾመ ሰው የለውም።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር ብዙዎች እንደሚያስቡት የብሬግዚት የማይቀር ውጤት አይደለም። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው መራጭ እንውጣ ሲል የድራም ተጫዋች ከዶቨር እንዳያልፍ ብሎ ድምፅ አልሰጠም። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስለ ጊታር የተጻፈ ነገር አልነበረም። በሩ የተዘጋው ሁለት መንግሥታት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሲጥሉ፣ ሙዚቀኛው መሃል ላይ ስለወደቀ ነው። የተዘጋውም በብዕር ነው። በብዕር የተዘጋ በር በብዕር ይከፈታል። ለመክፈትም ብሪታኒያ ወደ ኅብረቱ መመለስ አያስፈልጋትም፤ ብራስልስም አንድም መርሕ አይፈርስባትም።

■ ሦስቱ ቋጠሮዎች

እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። አራት ልጆች ማንችስተር ላይ ቫን ተከራይተው፣ ጊታርና ድራማቸውን ጭነው፣ ዶቨር ላይ በመርከብ ተሻግረው ማታ ብራስልስ ላይ ይጫወታሉ። በማግሥቱ ኮሎኝ፣ ከዚያ ሃምቡርግ፣ ከዚያ ኮፐንሃገን። የሚጠየቁት ፓስፖርት ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ያው ቫን፣ ያው ጊታር፣ ያው መንገድ ሦስት ቋጠሮ ተቋጠረበት።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ሰውየው ነው። የብሪታኒያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ውስጥ መቆየት የሚችለው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ይህ ለጎብኚ ይበቃል። ሙዚቀኛ ግን ጎብኚ አይደለም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ገንዘብ ይቀበላል። የንግድና ትብብር ስምምነቱ ያለ ሥራ ፈቃድ ለአጭር ጊዜ ገብተው መሥራት የሚችሉ የሙያ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ ሙዚቀኛ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ 27ቱ አባል አገሮች ሕግ ይመለሳል፤ ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ ያለ ምንም ወረቀት ለተወሰኑ ቀናት ይፈቅዳል፤ ሌላው ያንኑ በቅድመ ሁኔታ ያደርገዋል፤ ሌላው የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። አሥር አገር ለመዞር ያሰበ ባንድ አሥር ሕግ ማንበብ አለበት። ቀኑ ሲቆጠር ደግሞ የኮንሰርቱ ቀን ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ የጉዞው ቀን፣ የልምምዱ ቀን፣ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ የሚታደርበትም ቀን ይቆጠራል። ለሦስት ባንዶች ተራ በተራ የሚሠራ የድምፅ ወይም የመብራት ባለሙያ ዓመቱ ሳይጋመስ ቀኑን ይጨርሳል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ የሸንገን ድንበር ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ገብቷል። ከእንግዲህ የደበዘዘ ማኅተም አያድንም፤ ኮምፒውተር ይቆጥራል።

ሁለተኛው ቋጠሮ ዕቃው ነው። ሙዚቀኛ በእጁ ይዞት የሚሻገረው ጊታር ወይም ቫዮሊን ብዙም አያስቸግርም። በጭነት የሚሄደው መሣሪያ ግን ካርኔ የሚባል የጉምሩክ ሰነድ ይጠይቃል። ካርኔ ማለት እያንዳንዱ ዕቃ፣ ገመዱ ሳይቀር፣ ከነዋጋው የሚዘረዘርበት፣ በየድንበሩ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ነው። ለማውጣት በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፈላል፤ በዚያ ላይ ለዕቃው ማስያዣ ይጠየቃል። አንድ ማኅተም ከተዘለለ ቀረጥ ይመጣል። የጥንት የቫዮሊን ቀስት ጫፉ ላይ የዝሆን ጥርስ ካለው፣ ጊታሩ ከብራዚል ሮዝውድ እንጨት ከተሠራ፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን የሚመለከት ሌላ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ መሻገር የሚቻለውም ለዚህ በተመደቡ መግቢያዎች ብቻ ነው። ለሽያጭ የሚወሰደው ቲሸርትና ሸክላ ደግሞ ካርኔ አይሸፍነውም፤ ቀረጥና ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። ለትንሽ ባንድ ደግሞ የነዳጁን ዋጋ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ያ ቲሸርት ነው።

ሦስተኛው ቋጠሮ መኪናው ነው። ከብሪታኒያ የተነሣ ከባድ የጭነት መኪና አውሮፓ ውስጥ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ሊያደርግ የሚችለው ተጨማሪ የጭነት ጉዞ ሁለት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ አገሩ መመለስ አለበት። ይህ ሕግ የወጣው ለድንችና ለቆርቆሮ ነው። ድንች አንድ ቦታ ይራገፋል። ኦርኬስትራ ግን አሥራ አምስት ከተማ ይዞራል፤ በየከተማው ያራግፋል፣ በየከተማው መልሶ ይጭናል። የብሪታኒያ መንግሥት በ2022 መፍትሔ አመጣሁ አለ፦ በብሪታኒያም በአውሮፓም ቢሮ ያለው የትራንስፖርት ድርጅት መኪናውን በሁለቱም በኩል እያስመዘገበ ይጠቀም። ጥሩ ነው፤ በሁለት አገር ቢሮ መክፈት ለሚችል። ሦስት መኪና ይዞ የሚሠራ ሰውዬ ግን ሁለተኛ ቢሮ ከየት ያመጣል? የራሳቸው መኪና ያላቸው ኦርኬስትራዎችም ከዚህ መፍትሔ ውጭ ቀሩ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። መንገድ ላይ ግን ኮንሰርት ያሰርዛል። ኤፕሪል 2022 ላይ ኋይት ላይስ የተባለው የለንደን ባንድ ፓሪስ ላይ ሊጀምር የነበረውን ቱር የመጀመሪያ ምሽት ሰረዘ። ሙዚቀኞቹ አልታመሙም፤ ትኬቱም አልቀረም። ዕቃቸው ከእንግሊዝ መውጣት አቅቶት ነው።

■ ማን ቋጠረው?

በ2020 ድርድሩ ላይ ሁለት ሐሳብ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለአርቲስቶች ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን የሚፈቅድ አሠራር አቀረበ። የብሪታኒያ መንግሥት አልቀበልም አለ፤ ድንበራችንን ራሳችን እንቆጣጠራለን ካልነው ቃል ጋር ይጋጫል አለ። በተራው ሙዚቀኞች ያለ ፈቃድ መሥራት ከሚችሉት ባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ይግቡ የሚል የራሱን ሐሳብ አቀረበ። ይህን ደግሞ ኅብረቱ አልቀበልም አለ። ዲሴምበር 24 ቀን ስምምነቱ ተጠናቀቀ። ሙዚቀኛው በሁለቱም ሐሳብ ውስጥ ነበር፤ በስምምነቱ ውስጥ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተለመደው ነው። ለንደን ብራስልስን ከሰሰች፤ ብራስልስ ለንደንን ከሰሰች። ኤልተን ጆን፣ ኤድ ሺራን፣ ስቲንግና የኦርኬስትራ መሪው ሳይመን ራትል ያሉበት ከመቶ በላይ ሙዚቀኞች በጃንዋሪ 2021 በጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ አወጡ። ከ280,000 በላይ ሰው አቤቱታ ፈረመ፤ ፓርላማውም ተወያየበት። ውይይቱ አለቀ። ሕጉ እንደነበረ ቀረ።

በጣም የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የብሪታኒያን ቡድን ይዞ የተደራደረው ዴቪድ ፍሮስት ከሥልጣን ከለቀቀ በኋላ፣ በ2022 ዙሪክ ላይ ባደረገው ንግግር፣ በሰዎች እንቅስቃሴ ጉዳይ ከመጠን በላይ ግትር እንደነበሩና የሙዚቀኞችና የአርቲስቶች ነገር ዳግም መታየት እንዳለበት አመነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብዕሩ በእጁ በነበረ ጊዜ ያልታየው ነገር፣ ብዕሩን ሲያስረክብ ታየው።

ሌበር ፓርቲም በ2024 የምርጫ ማኒፌስቶው በቱር ላይ ያሉ አርቲስቶችን እንደሚረዳ ቃል ገባ። አሸነፈ። ከዚያ የመጣው የላንካስተር ሀውሱ ዓረፍተ ነገር ነው።

■ የሚጎዳው ማን ነው?

ኤልተን ጆን አይደለም። ትልቅ ኮከብ ጠበቃ አለው፣ የጉምሩክ ባለሙያ አለው፣ በሁለት አገር የተመዘገበ መኪና የሚያከራየው ድርጅት አለው። ወረቀት ለእርሱ ከወጪዎቹ አንዱ መስመር ብቻ ነው። ለትንሹ ባንድ ግን ወረቀቱ ራሱ ወጪው ነው። አንድ ምሽት ተጫውተው የሚያገኙት ጥቂት መቶ ዩሮ በካርኔ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? አይሄዱም። ያልተሄደበት ቱር ደግሞ ዜና አይሆንም። ድንበር ላይ የተመለሰ ሰው ፎቶ ይነሳል፤ ቤቱ ሆኖ ሒሳቡን አስልቶ የቀረውን ማንም አያየውም።

አይ.ኤስ.ኤም የተባለው የብሪታኒያ ሙዚቀኞች የሙያ ማኅበር በ2023 አባላቱንና ሌሎች ሙዚቀኞችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ የሚጠጉት ከብሬግዚት በፊት ከነበራቸው ያነሰ ሥራ በአውሮፓ እንዳላቸው ተናገሩ። ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከነጭራሹ ምንም ሥራ እንዳላገኙ ገለጹ። የእነዚህ ሰዎች ስም በየትኛውም የተሰረዘ ኮንሰርት ፖስተር ላይ የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጋበዙምና። ፕሮሞተሩ ሁለት ባንድ ቀርቦለት አንዱ ከሊድስ፣ አንዱ ከሊዮን ቢሆን፣ ወረቀት የማይፈልገውን ይወስዳል። ክፋት የለውም፤ ሒሳብ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠበቅ ነው የሄደው። የአውሮፓ ኅብረት የወጣቶች ኦርኬስትራ መቀመጫውን ከለንደን አንሥቶ በ2018 ወደ ጣሊያን አዞረ። የኅብረቱ የባሮክ ኦርኬስትራም ከኦክስፎርድሺር ወደ ቤልጂየሟ አንትወርፕ ሄደ። ኦርኬስትራ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ሙዚቃው ብቻ አይደለም፤ የወጣቶቹ ፈተና፣ ልምምድ፣ ትውውቅ፣ የመጀመሪያ ደመወዝ አብሮ ይሄዳል።

የመንግሥት ደጋፊዎች አንድ የሚወዱት ቁጥር አላቸው። ዩኬ ሚዩዚክ የተባለው የዘርፉ ድርጅት እንዳለው የብሪታኒያ ሙዚቃ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ ያበረከተው በ2019 5.8 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በ2023 ወደ 7.6 ቢሊዮን አድጓል፤ 216,000 የሥራ ዕድልም አለው። ታዲያ ምን ጎደለ? ይላሉ። የጎደለው ከታች ነው። ዛፉ ላይ ያለው ፍሬ ሲለቀም ቅርጫቱ ይሞላል፤ ችግኙ መድረቁ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ድምር ማን እንደቀረ አይናገርም።

■ “ቢትልስስ?”

ሌላም ክርክር አለ። ብሪታኒያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ የተቀላቀለችው በ1973 ነው፤ ቢትልስ ሃምቡርግ ሲጫወቱ ኅብረቱ የት ነበር? ስለዚህ ሙዚቀኛ ያለ ኅብረቱም ይኖራል ይባላል።

ታሪኩን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት መልካም ነበር። አምስቱ የሊቨርፑል ልጆች ኦገስት 1960 ሃምቡርግ ገቡ። ኖቬምበር ላይ ጆርጅ ሃሪሰን ዕድሜው ገና 17 በመሆኑ ተይዞ ከጀርመን ተባረረ። ወዲያው ፖል ማካርትኒና ፒት ቤስት ተከተሉት። ቡድኑ ሊበተን ደርሶ ነበር። በ1961 የተመለሱት ወረቀታቸው ከተስተካከለ በኋላ ነው። ዓለም የሚያውቀው ባንድ የተሠራው በእነዚያ የሃምቡርግ ሌሊቶች ነው፤ በአንድ የድንበር ወረቀት ምክንያት ሳይሠራ ለመቅረትም ጥቂት ነበር የቀረው። ይህ ታሪክ ድንበር አይጎዳም ለሚለው ሰው ማስረጃ አይሆንለትም።

ደግሞም ያኔ ሥራው ሌላ ነበር። ቢትልስ አንድ ከተማ፣ አንድ ክበብ ውስጥ ለወራት ነበር የሚጫወቱት። አንድ አገር፣ አንድ ወረቀት። የዛሬ ባንድ ዛሬ ሊል፣ ነገ ጌንት፣ ከነገ ወዲያ ኮሎኝ ነው። ዘፈን በስልክ በሚደመጥበት ዘመን አንድ ጊዜ ሲደመጥ የሚከፈለው ከሳንቲም ያነሰ ነው፤ ሙዚቀኛ የሚበላው ከመድረክ ነው። መድረኩ ደግሞ ተዘዋዋሪ ነው። ዝውውሩን ማቆም ማለት እንጀራውን መንጠቅ ማለት ነው።

ሦስተኛ ክርክር አለ፦ አብዛኞቹ የኅብረቱ አገሮች እኮ ለአጭር ጊዜ ሥራ በራቸውን ከፍተዋል። እውነት ነው። ስፔን ለምሳሌ ከብዙ ውትወታ በኋላ ኖቬምበር 2021 ላይ ቪዛውን አነሳች። ያ ድል የመንግሥት ብቻ አልነበረም፤ የኦርኬስትራዎችና የኮንሰርት አዘጋጆች ማኅበራት በራሳቸው ተሯሩጠው ነው ያገኙት። ነገር ግን አንድ አገር የሚሰጠው ፈቃድ የመኪናውን ቋጠሮ አይፈታም፤ የዕቃውንም አይፈታም፤ የ90 ቀኑንም ሒሳብ አይለውጥም። በሦስት ቁልፍ የተቆለፈን በር አንዱን ቁልፍ ከፍቶ “ግባ” ማለት ፌዝ ነው።

■ “ይቅመሱት!”

አበሻ ይህን ሲሰማ አንድ ፈገግታ ይመጣበታል። ፈገግታው መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ዘፋኝ ወረቀት ምን እንደሆነ ከማንም ሊማር አይፈልግም። የባንክ ደብተር፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የጣት አሻራ፣ ከዚያ “ይመለሳል ብለን አላመንም” የሚል መልስ። መሰንቆ ተጫዋቹ ቪዛ አግኝቶ ተወዛዋዦቹ የቀሩበት፣ ባንዱ ተጋብዞ ግማሹ ብቻ የደረሰበት ታሪክ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ታዲያ እንግሊዞች በተራቸው ደጅ ሲጠኑ “ይቅመሱት” ቢባል ምን ይገርማል?

የሚገርመው ነገር የለም፤ የሚጠቅመው ነገርም የለም። በእንግሊዛዊው ፊት የተዘጋው በር ለኢትዮጵያዊው አልተከፈተም። እንዲያውም ከተጎዱት መካከል አበሻ አለ። ለንደን ውስጥ የሚኖር፣ የብሪታኒያ ዜግነት ያለው የኪቦርድ ተጫዋች እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ለእንቁጣጣሽ ፍራንክፈርት፣ ለገና ስቶክሆልም፣ ለፋሲካ ሮም ሄዶ መጫወት መብቱ ነበር፤ ልክ እንደ ጀርመናዊ፣ ልክ እንደ ጣሊያናዊ። አውሮፓ ውስጥ የተበተነው ሐበሻ በየከተማው ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ በየበዓሉ የሚያዘፍነው ባንድ ከሌላ ከተማ ይመጣል። ለንደን ከዚያ ሰንሰለት ተቆረጠች። አዘጋጁ አሁን ሲያሰላ ኪቦርዲስቱን ከለንደን ከማምጣት በፍላሽ የተቀዳ ሙዚቃ ይቀለዋል። የሚከስረው እንግሊዝ አይደለም፤ ኪቦርዲስቱና አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን መጥቀስም ይገባል። ኢንጂነሪንግ ሊማር ወደ ዌልስ የተላከው ወጣት ሙዚቃን መረጠ፤ ለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ2009 ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ ለዓመታትም አውሮፓን የዞረው በአብዛኛው መኖሪያቸውን ብሪታኒያ ካደረጉ ሙዚቀኞች ጋር ነው። ክራር ኮሌክቲቭም ክራርን ይዞ የተነሣው ከለንደን ነው። ኢትዮ ጃዝ ፓሪስ ላይ ሲሰማ ሳክስፎኑን የሚነፋው የለንደን ሰው ሊሆን ይችላል። የዚያ ሳክስፎን ተጫዋች የ90 ቀን ሒሳብ የኢትዮጵያ ሙዚቃም ሒሳብ ነው።

የድንበር ነገር እንዲህ ነው፦ አንዱን ሲያጠብቁት ሌላው አይላላም። “እኔን ያልፈለገኝ በር ለሌላውም ይዘጋ” ያለ ሰው በሩ ላይ ሁለተኛ ዘበኛ ቀጠረ እንጂ አልተበቀለም።

■ የብሪታኒያ ራሷ በር

እዚህ ላይ ለንደንም ንጹሕ አይደለችም። ክፈቱልኝ እያለች የራሷን በር ጠርቅማ ይዛለች። ኤፕሪል 2023 ትሪገር ከት የተባለው የጀርመን ባንድ ለትንሽ ቱር ወደ ብሪታኒያ ሊሻገር ሲል ካሌ ላይ በብሪታኒያ የድንበር ሠራተኞች ተመለሰ። የአውሮፓ ሙዚቀኛ ግብዣ ይዞ ለአንድ ወር፣ ወይም ስፖንሰር አግኝቶ እስከ ሦስት ወር ያለ ቪዛ መሥራት የሚያስችለው መንገድ አለ። ነገር ግን የትኛው መንገድ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ ሳይገባው የተነሣ ባንድ መልሱን የሚያገኘው ድንበሩ ላይ ነው፤ ቫኑ ተጭኖ፣ ትኬቱ ተሽጦ ካለቀ በኋላ።

ከአፍሪካ ለሚመጣው ደግሞ ይህም የለም። ቪዛው ግዴታ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፈላል፤ ከተከለከለ ገንዘቡ አይመለስም። የዎማድ ፌስቲቫል አዘጋጆች ገና በ2018 የተጋበዙ አርቲስቶች የቪዛውን ውጣ ውረድ ጠልተው ግብዣውን እምቢ እንደሚሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ልብ ይባል፤ ያኔ ብሪታኒያ ገና ከኅብረቱ አልወጣችም። ስለዚህ ለሙዚቀኞቻችን በር ይከፈት የሚል የብሪታኒያ ሚኒስትር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ የአንተስ በር? ለኮሎኙም ለአዲስ አበባውም የማይመልስ ጥያቄ ለብራስልስ ሲቀርብ ጉልበት አይኖረውም።

■ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ተአምር አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ለአርቲስቶችና አብረዋቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ብቻ የሚሆን አጭር የቪዛና የሥራ ፈቃድ ስምምነት። አይ.ኤስ.ኤም በ2021 በሕግ ባለሙያዎች ረቂቁን አሠርቶ ለመንግሥት አሳይቷል። ዋናውን የንግድ ስምምነት መክፈት ሳያስፈልግ ለብቻው ሊፈረም ይችላል። የነጻ ዝውውር መብት አይሰጥም፤ ማንም በዚህ መንገድ ገብቶ አይቀርም። ተጫውቶ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ መድረክና የሙዚቃ መሣሪያ የሚጭኑ መኪናዎች ከጭነት ገደቡ ነጻ ይሁኑ። ድራም ድንች አይደለም። ወደ ገበያ አይገባም፤ በወጣበት ቁጥር ይመለሳል። የአውሮፓን የጭነት ድርጅቶች ገበያ አይነጥቅም።

ሦስተኛ፣ በጭነት የሚሄድ መሣሪያ በእጅ እንደሚያዘው ጊታር ይታይ፤ ካርኔው ይቅር። ለሽያጭ የሚያዘው ጥቂት ሸክላና ቲሸርት የተወሰነ ዋጋ እስካላለፈ ድረስ ከቀረጥ ነጻ ይለፍ።

አራተኛ፣ ብሪታኒያ ለምትጠይቀው ሁሉ አጸፋውን ትስጥ፤ ለአውሮፓውያን ብቻም ሳይሆን፣ በታወቀ ፌስቲቫል ወይም አዳራሽ ለተጋበዘ ለማንኛውም አገር አርቲስት ፈጣንና ርካሽ መንገድ ታብጅ።

ጊዜውም ምክንያት ሰጥቷል። የንግድና ትብብር ስምምነቱ ራሱ ከሜይ 2021 ጀምሮ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱ ወገኖች አፈጻጸሙን በጋራ እንዲገመግሙት ያዛል። ግምገማ ማለት የተረሳውን ማስታወስ ካልሆነ ምንድን ነው?

አቅሙ የለም የሚል ካለ ወደ ዓሣው ይመለስ። ዓሣ ማጥመድ ከብሪታኒያ ኢኮኖሚ ያለው ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ዓሣ አጥማጁ ወደቡን ይዘጋል፣ ጀልባውን ያሰልፋል፣ ፓርላማ አባሉን ያስፈራራል። ስለዚህ ቀን ተቆረጠለት። ይህ ለዓሣ አጥማጁ ነውር አይደለም፤ እንጀራውን ነው የተሟገተው። ሙዚቀኛው ግን ወደብ የለውም። ዝም ቢል የሚቆም ፋብሪካ የለውም። ሥራ ሲያጣ ድምፁ አይሰማም፤ ማስተማር ይጀምራል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ጊታሩን ይሸጣል። ፖለቲከኛውም ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ መጠየቅ ያለበት ሙዚቃን ትወዳላችሁ ወይ የሚል አይደለም። ሁሉም ይወዳል። ሚኒስትሩም በሠርጉ ጨፍሯል፤ ኮሚሽነሩም ወጣት ሳለ ኮንሰርት ሄዷል። መጠየቅ ያለበት አንድ ብቻ ነው፦ ቀኑ መቼ ነው? ለዓሣው 2038 የሚል ቁጥር ተጽፎለታል። ለሙዚቀኛውም አንድ ቁጥር ይጻፍ። ቁጥር የሌለው ፍቅር ድንበር አያሻግርም።